የሕክምና ጋይድላይን ጥራት እንዴት ይገመገማል? በአግሪ ቱ፣ ደረጃ በደረጃ

ሰሞኑን ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አግኝታኝ «የአገራችንን የሕክምና ጋይድላይኖች ጥራት ልገመግም ነው፤ ከየት ልጀምር?» አለችኝ። ከእሷ በፊት አዘዞ የሚሠራ ጤና መኮንን ጠይቆኛል፣ ከእሱም በፊት ሁለት የፋርማሲ ልጆች። በስልክ እየተቻኮልኩ ስመልስ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሙሉውን ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ጋይድላይን የምንለው ለዚህ ዓይነት ሕመምተኛ ይህን አድርግ፣ ያንን አታድርግ የሚል የሕክምና መመሪያ ሰነድ ነው። የምትገመግሙት መድኃኒቱ ያድናል ወይ የሚለውን አይደለም። ሐኪሙ ጋይድላይኑን ይከተላል ወይ የሚለውንም አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጥናት ነው። የምትገመግሙት ሰነዱ እንዴት እንደተዘጋጀ ነው። ማን ተሳተፈበት? ማስረጃው ከየት መጣ? ከማስረጃው ተነስቶ ምክረ ሐሳቡ ላይ በምን መንገድ ተደረሰ? ገንዘቡን ማን ከፈለ? ይህ ሁሉስ ተጽፏል ወይ? ይቺን ልዩነት ያልያዘ ሰው ሥራው መሃል ላይ ይደናገረዋል።

የመገምገሚያው መሣሪያ አግሪ ቱ (AGREE II) ይባላል። የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ በብዙ አገር ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙት በእሱ ነው። በ6 ዘርፍ የተከፈሉ 23 መስፈርቶች አሉት። ለእያንዳንዱ መስፈርት ከ1 እስከ 7 ነጥብ ትሰጣላችሁ፤ 1 «ፈጽሞ አልስማማም»፣ 7 «ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ» ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት የማጠቃለያ ጥያቄዎች አሉ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• የአግሪ ቱ የተጠቃሚ መመሪያ፣ ሙሉው። ከኢንተርኔት በነጻ ይወርዳል። ብዙ ሰው የ23ቱን መስፈርት ዝርዝር ብቻ ይዞ ይጀምራል፤ ያ አይበቃም። ለእያንዳንዱ መስፈርት ሰነዱ ውስጥ የት እንደምትፈልጉና ምን ሲሟላ ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚሰጥ የሚነግራችሁ መመሪያው ነው።

• የጋይድላይኑ ሙሉ ፒዲኤፍ፣ ከሽፋኑ እስከ አባሪው። በቴሌግራም የሚዞረው ኮፒ ብዙ ጊዜ መግቢያውና የምስጋና ገጹ ተቆርጦ የሕክምና ሠንጠረዡ ብቻ የቀረ ነው። ለሕክምና ሊጠቅም ይችላል፤ ለግምገማ አይሆንም፤ ምክንያቱም የምትፈልጉት መረጃ ያለው በተቆረጡት ገጾች ላይ ነው።

• ከጋይድላይኑ ጋር የወጡ ተጓዳኝ ሰነዶች፦ የአሠራር ዘዴው የተጻፈበት፣ የማስረጃ ሠንጠረዥ፣ የኪስ ቅጂ፣ የሥልጠና ማንዋል።

• ገምጋሚዎች። ቢያንስ 2፣ ቢቻል 4።

• ኤክሴል። ኮምፒውተር ከሌለ የተሰመረ ደብተርም ይሠራል።

• ጊዜ። አንድ ገምጋሚ ለአንድ ጋይድላይን በአማካይ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል ይባላል። የእኛ አገር ሰነዶች ወፍራም ስለሆኑ በተለይ ለመጀመሪያዎቹ ከዚያ በላይ ያዙ።

ደረጃ 1፦ ጋይድላይን የሆነውን ካልሆነው ለዩ

ጤና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ፣ የሙያ ማኅበራት፣ ሁሉም ሰነድ ያወጣሉ። ሽፋኑ ላይ «ጋይድላይን» ስለተባለ ብቻ ግን አትውሰዱት። ምክረ ሐሳብ አለበት ወይ? ለዚህ ዓይነት ሕመምተኛ ይህን አድርግ፣ ያንን አታድርግ ይላል ወይ? ካለ ይግባ። ስትራቴጂክ ዕቅድ፣ የሥልጠና ማንዋል፣ የሪፖርት አሞላል መመሪያ፣ የአንድ ሆስፒታል የውስጥ ፕሮቶኮል ይውጣ።

ይህ ለምን አስፈለገ? አግሪ ቱ የሥልጠና ማንዋል ላይ ሲሠራ ውጤቱ መሬት ይወርዳል፤ ማንዋል ማስረጃ እንዴት እንደተፈለገ እንዲያሳይ ተብሎ አልተጻፈማ። ከዚያ «የአገሪቱ ጋይድላይኖች ደካማ ናቸው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ትክክል አይሆንም።

የወጣውንም የገባውንም ከነምክንያቱ መዝግቡ።

ደረጃ 2፦ እትሙንና ዓመተ ምሕረቱን አረጋግጡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰነዶቹ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ አብዛኞቹ የፈረንጅ ቀን ይዘዋል፤ አንዳንዱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። 2006 የሚል ሽፋን አይታችሁ ጊዜው አልፎበታል ከማለታችሁ በፊት መቅድሙን አንብቡ፤ 2006 ዓ.ም. ከሆነ 2013 ወይም 2014 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። የሰባት የስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም። ኤክሴሉ ላይ ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ቀይሩና የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

አንድ በሽታ ብዙ እትም ካለው የመጨረሻውን ያዙ። ደግሞ ለየትኛው ደረጃ እንደተጻፈ ተመልከቱ። ለምሳሌ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጡት መደበኛ የሕክምና መመሪያዎች ለጤና ጣቢያ፣ ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና ለጠቅላላ ሆስፒታል ለየብቻ ናቸው። አንዱን ገምግሞ ስለ ሦስቱ መጻፍ አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ቡድኑን አሰባጥሩ

አንድ ሐኪም፣ አንድ ፋርማሲስት፣ አንድ የጥናት ዘዴ የሚያውቅ ሰው፣ ከተገኘ አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን። ሁሉም ከአንድ ክፍል ከሆኑ ሁሉም አንድ ነገር ላይ ያተኩራሉ። ሐኪሙ የምርመራው ፍሰት ላይ ይቆያል፤ ፋርማሲስቱ ደግሞ የመድኃኒቱ አቅርቦት ታስቦበታል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጋይድላይኑን በማዘጋጀት የተሳተፈ ሰው ያንን ጋይድላይን አይገምግም። ጎንደር ውስጥ ይህ በእውነት ያጋጥማል። እንደ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ባሉት ላይ ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ይተዋወቃሉ። ሰውየውን ሌሎቹ ላይ አሳትፉት፤ በዚህኛው ላይ ግን ይውጣ፣ መውጣቱም ይጻፍ።

ደረጃ 4፦ አንዱን ለልምምድ ሥሩ

ጥናታችሁ ውስጥ የማይገባ አንድ ጋይድላይን ምረጡና ሁላችሁም ገምግሙት። ከዚያ ተቀምጣችሁ መስፈርት በመስፈርት አወዳድሩ። አንዱ 6 የሰጠበትን ሌላው 2 ሰጥቶት ታገኛላችሁ። አትደንግጡ፣ ልምምዱ ያስፈለገው ለዚሁ ነው። መመሪያውን ከፍታችሁ ማን በምን ምክንያት እንደሰጠ ተነጋገሩ። ይህን የዘለለ ቡድን ዋናው ሥራ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ የጋይድላይኑ ይሁን የገምጋሚው መለየት ያቅተዋል።

ደረጃ 5፦ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ሙሉውን አንብቡ

መቅድሙን፣ ምስጋናውን፣ የአዘጋጆች ዝርዝሩን፣ አባሪውን ሳይቀር። አንድ መስፈርት የሚመለስበት ገጽ የተጠበቀው ቦታ ላይ ላይሆን ይችላል። የገንዘብ ምንጩ ብዙ ጊዜ ያለው የምስጋናው ሦስተኛ አንቀጽ ውስጥ ነው።

ደረጃ 6፦ እያንዳንዱ ገምጋሚ ለብቻው ነጥብ ይስጥ

ለብቻው። ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ አብራችሁ አትሙሉ፤ ድምፁ ከፍ ያለው ወይም ሲኒየሩ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል።

ደንቡ አንድ ነው፦ ነጥብ የሚሰጠው ለተጻፈው ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሠራ አንድ አገር አቀፍ ጋይድላይን ላይ «ማስረጃ የተፈለገው በተደራጀ ዘዴ ነው» ለሚለው መስፈርት 5 ሰጠሁ። ከአዘጋጆቹ አንዱን አውቀዋለሁ፣ ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ሳይፈልግ አይጽፍም ብዬ። አብራኝ የምትገመግመው ልጅ 1 ሰጥታለች። «ገጹን አሳየኝ» አለችኝ። ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። ነጥቤን ወደ 1 አወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ኤክሴሌ ላይ ከነጥቡ አጠገብ «ገጽ» እና «ምክንያት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ ገጹ ባዶ ከሆነ ነጥቡ 1 ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

አሁን ወደ ዘርፎቹ።

ዘርፍ 1፣ ወሰንና ዓላማ፣ ከ1 እስከ 3። ዓላማው፣ የጤና ጥያቄው፣ የሚመለከተው ሕዝብ። ይህ ቀላሉ ነው፤ ብዙዎቹ ሰነዶች እዚህ ደህና ናቸው። ብቻ «የሕሙማንን ጤና ለማሻሻል» ለሚል ጥቅል ዓላማ ከፍተኛ ነጥብ አትስጡ።

ዘርፍ 2፣ የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ፣ ከ4 እስከ 6። የአዘጋጆች ስም ዝርዝር አለ፤ ሙያቸውስ? የመጡበት ተቋምስ? በአዘጋጅነት የነበራቸው ድርሻስ? ስም ብቻ ከሆነ ነጥቡ ዝቅ ይላል። 5ኛው መስፈርት የሕመምተኞች አስተያየት ተጠይቋል ወይ የሚል ነው። እዚህ ላይ ጠበቅ በሉ። ስለ ካላዛር የሚጻፍ ሰነድ ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ሳይጠይቅ እንዴት ይጻፋል? 17 ቀን መርፌ እየተወጋ ተኝቶ መታከም ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዘርፍ 3፣ የአዘገጃጀት ጥብቅነት፣ ከ7 እስከ 14። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። የጋይድላይኑ አከርካሪ ይህ ነው።

በ7ኛው፣ የት ተፈለገ? ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበት ድረ ገጽ)? ሌላስ? ከመቼ እስከ መቼ? በየትኞቹ ቃላት? «ወቅታዊ ማስረጃዎችን በመመርመር ተዘጋጀ» የሚል አንድ መስመር ፍለጋ አይባልም። በ8ኛው፣ ከተገኙት ጥናቶች የትኛው እንዲገባ የትኛው እንዲወጣ በምን ተወሰነ? በ9ኛው፣ የማስረጃው ጥንካሬ ተነግሯል ወይ? ግሬድ በሚባለው ዘዴ የተሠራ ከሆነ «ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ በጣም ዝቅተኛ» የሚል ምልክት ታገኛላችሁ። በ10ኛው፣ አዘጋጆቹ ሲለያዩ በምን ተስማሙ? በድምፅ? በውይይት? ይህን መጻፍ ብዙዎቹ ይረሱታል።

11ኛው ጥቅምና ጉዳቱ ተመዝኗል ወይ ይላል። ለካላዛር የሚሰጠው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል፤ ኤችአይቪ ባለባቸው ሕሙማን ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ሰነዱ መጠኑን ብቻ ነግሮ ካለፈ አልመዘነም ማለት ነው።

12ኛው ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። መጨረሻ ላይ 150 ማጣቀሻ ተደርድሮ ሲያይ 7 ይሰጣል። ጥያቄው ግን ዝርዝር አለ ወይ አይደለም። ይህኛው ምክረ ሐሳብ ከየትኛው ጥናት መጣ? አንድ ምክረ ሐሳብ ላይ ጣታችሁን አድርጉና ወደ ምንጩ ለመሄድ ሞክሩ። መንገድ ካጣችሁ ትስስር የለም።

13ኛው በውጭ ባለሙያዎች ታይቷል ወይ ነው። የእኛ አገር ሰነዶች ላይ «ቫሊዴሽን ወርክሾፕ (ሰነዱን አይቶ ለማጽደቅ የሚደረግ ስብሰባ) ተካሂዷል» የሚል ታገኛላችሁ። ጥሩ። ግን እነማን ተገኙ? ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ከሆኑ የውጭ አይባልም። ምን አስተያየት ሰጡ፣ ምን ተቀየረ የሚለውም መጻፍ አለበት።

14ኛው የማሻሻያ ሥርዓት ነው። «እንደ አስፈላጊነቱ ይሻሻላል» ሥርዓት አይደለም። መቼ፣ በማን፣ በምን ዘዴ? ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የአገራችን የሌሽማንያሲስ (ካላዛር አንዱ ዓይነቱ ነው) ጋይድላይን 2ኛ እትም የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። በ2022 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በምሥራቅ አፍሪካ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ላሉባቸው ሕሙማን አምቢዞም የሚባለውን መርፌ ሚልቴፎሲን ከሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠትን መከረ። ለዚህ ምክር መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚሁ ጎንደርና አብዱራፊ ላይ ነው። በመካከሉ ዘጠኝ ዓመት አለ። የሚሻሻልበት ጊዜ ያልተጻፈበትን ሰነድ የያዘ ጤና ባለሙያ አሁንም ይሠራል ወይስ አልፎበታል የሚለውን በምን ያውቃል?

ዘርፍ 4፣ የአቀራረብ ግልጽነት፣ ከ15 እስከ 17። ምክረ ሐሳቡ ቁርጥ ያለ ነው? አማራጮቹ ቀርበዋል? ዋና ዋናዎቹ በሣጥን ወይም በደማቁ ተለይተዋል? ቶሎ ትጨርሱታላችሁ። እዚህ ከፍተኛ ውጤት ማየት የተለመደ ነው፤ በመልኩ ማማር ተስባችሁ ሌላውን ዘርፍ እንዳታለሰልሱ።

ዘርፍ 5፣ ተግባራዊነት፣ ከ18 እስከ 21። እንቅፋቶቹ፣ ማገዣ መሣሪያዎቹ፣ ወጪው፣ መከታተያ መለኪያው። አምቢዞም ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት መቀመጥ አለበት። የመተማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሚያስከትል ይገባዋል። ሰነዱ ስለ ማቀዝቀዣ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ዋጋ ዝም ካለ 18ኛውና 20ኛው ላይ ዝቅ አድርጉ።

ዘርፍ 6፣ ከተጽዕኖ ነጻ መሆን፣ 22 እና 23። አጋር ድርጅትን ማመስገን ብቻውን 22ኛውን አያሟላም። የገንዘብ ሰጪው ሐሳብ በይዘቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳላደረገ በግልጽ መጻፍ አለበት። 23ኛው ደግሞ የአዘጋጆቹ የጥቅም ግጭት ተጠይቆ ተመዝግቧል ወይ የሚል ነው። ባዶ ከሆነ 1 ስጡ። ማንንም መክሰስ አይደለም፤ አልተጻፈም ማለት ብቻ ነው።

ከሌላ አገር ተወስዶ የተስማማ ሰነድ ካጋጠማችሁስ? በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ክሊኒካል ጋይድላይን መነሻው በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ፓክ የሚባለው ነው። እንዲህ ያለውን ስትገመግሙ የመነሻውን ሰነድ የአዘገጃጀት ጽሑፍም ፈልጉ፤ ማስረጃው የተሰበሰበው እዚያ ነውና። ወደ እኛ ሲመጣ ምን ተቀየረ፣ ለምን የሚለውን ግን ከእኛው ሰነድ ጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ተገናኙና ተወያዩ

በ3 ነጥብና ከዚያ በላይ የተለያያችሁባቸውን መስፈርቶች ብቻ አውጡ። 3 የሚለው ቡድኑ የሚወስነው ልማድ ነው፣ አግሪ ቱ ያዘዘው አይደለም፤ አስቀድማችሁ ወስኑት። «ገጹን አሳየኝ» ተባባሉ። ገጹን ያላየ ሰው አይቶ ነጥቡን ይቀይራል፤ አይቶም ካልተስማማ ነጥቡን ይዞ ይቀጥል። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን አታስገድዱ። የመጀመሪያውን ነጥብ አታጥፉት፣ በሌላ ዓምድ አስቀምጡት። ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ከሆነ የገምጋሚዎችን ስምምነት፣ ለምሳሌ አይሲሲ (ICC) የሚባለውን መለኪያ፣ የምታሰሉት ከመጀመሪያው ነው።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን አስሉ

ለእያንዳንዱ ዘርፍ ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል፦ ያገኘው ድምር፣ ሊያገኝ የሚችለው ትንሹ፣ ሊያገኝ የሚችለው ትልቁ። ከተገኘው ላይ ትንሹን ቀንሱ፤ ከትልቁም ላይ ትንሹን ቀንሱ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉና በ100 አባዙ።

ዘርፍ 3 ላይ እንሥራው። መስፈርቶቹ 8፣ ገምጋሚዎቹ 3 ናቸው እንበል። ትልቁ 7 × 8 × 3 = 168። ትንሹ 1 × 8 × 3 = 24። የሦስታችሁ ድምር 78 ሆነ። 78 − 24 = 54። 168 − 24 = 144። 54ን ለ144 ስታካፍሉ 37.5 በመቶ ነው።

የተለመደ ስሕተት፦ 78ን በቀጥታ ለ168 ማካፈል። 46.4 በመቶ ይሰጣችኋል፣ ስሕተት ነው። ሁላችሁም ለሁሉም 1 ብትሰጡ እንኳ በዚህ አካሄድ ሰነዱ 14 በመቶ ያገኛል፤ ማግኘት ያለበት ግን 0 ነው። ትንሹን የምንቀንሰው ለዚህ ነው።

ሌላ፦ «አይመለከተውም» ብሎ መዝለል። ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ የለም። ከዘለላችሁ ትልቁም ትንሹም ይቀየራል፣ ሰነዶቹንም ማወዳደር ያስቸግራል።

ደረጃ 9፦ ሁለቱን የማጠቃለያ ጥያቄዎች መልሱ

የመጀመሪያው የሰነዱን አጠቃላይ ጥራት ከ1 እስከ 7 ይጠይቃል። ይህ የ23ቱ አማካይ አይደለም፤ ሁሉን አይታችሁ የምትሰጡት ፍርድ ነው። ሁለተኛው ሥራ ላይ እንዲውል ትመክራላችሁ ወይ ይላል፤ መልሱ «አዎ»፣ «አዎ፣ ከማሻሻያ ጋር» ወይም «አይ» ነው። ምክንያታችሁን ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፤ በኋላ የሚያነብ ሰው ከቁጥሩ ይልቅ እሱን ይፈልጋል።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን ጻፉ

አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል፦ በቁመት ጋይድላይኖቹ፣ በአግድም 6ቱ ዘርፎች።

ስድስቱን ደምራችሁ አንድ ውጤት አታውጡ። አግሪ ቱ ይህን አይፈቅድም፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ ሰነድ በአቀራረብ 83፣ በአዘገጃጀት ጥብቅነት 37፣ ከተጽዕኖ ነጻ በመሆን 8 ቢያገኝ የእነዚህ የሦስቱ አማካይ ወደ 43 ይሆናል። ይህ 43 ምን ይነግራችኋል? መጽሐፉ እንደሚያምርም፣ ማስረጃው እንደማይታይም ይደብቃል።

«ከስንት በላይ ነው ጥሩ የሚባለው?» ትሉኛላችሁ። አግሪ ቱ ያስቀመጠው የማለፊያ ነጥብ የለም። ቡድናችሁ መስመር ማስመር ከፈለገ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ያስምር፣ ለምን እዚያ ላይ እንዳሰመረም ይጻፍ። እኔ ዘርፍ 3ን ቅድሚያ እንድትሰጡት እመክራለሁ፤ ማስረጃው ያልታየ ሰነድ ሌላው ቢያምር አይካስም።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ። ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘ ጋይድላይን የተሳሳተ ሕክምና ያዛል ማለት አይደለም። አግሪ ቱ የሚለካው አዘገጃጀቱን ነው፤ የምክረ ሐሳቡን ጥራት ለብቻው ለማየት 9 መስፈርት ያለው አግሪ ሬክስ የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ። ስለዚህ ዘርፍ 3 ላይ 37 ስላያችሁ ነገ ጠዋት በሥራ ላይ ያለውን አገራዊ ሕክምና በራሳችሁ አትቀይሩ። የጎደለውን ገጽ በገጽ ጻፉና ለአዘጋጁ አካል ላኩ፤ ቀጣዩ እትም ሲዘጋጅ የሚጠቅማቸው ያ ዝርዝር ነው።